ጎተራውና በሬው፦ ከአንኮበር ታሪክ ስለ ልግስና የምንማረው

በአገራችን የልግስና ታሪክ ሲጻፍ የሰጪው ስም በጉልህ ይሰፍራል፤ የተቀባዩ ዕጣ ግን ተዘንግቶ ይቀራል። ማን ጎተራውን እንደከፈተ እናውቃለን። ጎተራው ከተዘጋ በኋላ የድሃው ጎጆ እንዴት እንደሰነበተ የጠየቀ ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው። ሰውን ከድህነት እናወጣለን የሚሉ የበጎ አድራጎት ፕሮጀክቶችን ለመመዘን ከዚህ ጥያቄ የተሻለ ሚዛን ያለ አይመስለኝም። መነሻዬን አንኮበር ላይ አደርጋለሁ።

ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ ቆላው ቁልቁል በሚወርድበት አፋፍ ላይ የተቆረቆረችው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን መንግሥት ወክሎ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የመጣው ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሀሪስ፣ ስለ ንጉሡ የእህል ጎተራዎችና በረሀብ ጊዜ ስለተደረገው እደላ ጽፎ አልፏል። እደላው ነፍስ የሚያተርፍ ነበርና ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን እህሉ ከየት መጣ? ገበሬው በግብር ያስገባው፣ በንጉሡም ሁዳድ ላይ ወጥቶ አርሶና አጭዶ የከመረው ነው። የገዛ ላቡን በችሮታ ስም መልሶ ተቀበለ ማለት ነው። እደላው ሲያበቃም ያው ገባር ነበር፤ ሕይወቱ ተረፈች እንጂ ኑሮው አልተለወጠም።

ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከዘለቀው ክፉ ቀን ነው። በጣልያኖች በኩል በምጽዋ እንደገባ የሚታመነው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ የአገሪቱን በሬ ፈጀው። መሬቱ ነበረ፤ ገበሬውም ነበረ፤ በሁለቱ መካከል ያለው በሬ ግን ጠፋ። ያን ጊዜ፣ አንኮበር ላይ ንግሥናቸውን የጀመሩት ምኒልክ፣ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው መሬት ቆፈሩ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ በእጅ መሥራት ውርደት አለመሆኑን ለመኳንንቱም ለሕዝቡም ለማሳየት ነው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ባለእጁን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። እኔ እንደማምነው ይህ አዋጅ ከብዙ ጎተራ ይበልጣል፤ የድሃ ዋነኛ ሀብቱ ሙያው ነውና፣ ሙያው ሲናቅበት ሁለት ጊዜ ይደኸያል።

ለመሆኑ ሕዝቡስ እጁን አጣጥፎ ሰጪ ይጠብቅ ነበርን? በፍጹም። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በመቀናጆ ጥማድ ሞልተው ያርሳሉ። ከብት የሌለው ደግሞ በርቢ ስምምነት የሌላውን በግ ወይም ላም ተቀብሎ እያረባ የውላዱን ድርሻ ይወስዳል። ተቀባዩ ለማኝ አይባልም፤ ባለውል ነው። ድህነትን የሚሰብረው ሥርዐት በእኛው መንደር ውስጥ ያለ ስም ጥሪ ሲሠራ ኖሯል።

ሩቅ አገር ያሉ ሰዎችም ወደዚሁ ሐሳብ ደርሰዋል። ሄይፈር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1944 ጊደሮችን ወደ ፖርቶ ሪኮ መላክ ሲጀምር፣ ተቀባዩ የመጀመሪያዋን ሴት ጥጃ ለሌላ ችግረኛ እንዲያስተላልፍ ደንብ አበጀ። በዚህ ደንብ ተቀባዩ ራሱ ሰጪ ይሆናል። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐቤቴ፣ ተዋናዩ ካርልሃይንዝ በም እ.ኤ.አ. በ1981 የመሠረቱት ሰዎች ለሰዎች ለረጅም ዓመታት ሠርቷል፤ ዓለም ከተማ ላይ ያለው እናት ሆስፒታልም የዚሁ ሥራ ፍሬ ነው። ስንዴ በልቶ ያልቃል፤ የሠለጠነች አዋላጅና የተቆፈረ ጉድጓድ ግን ከሰጪው መሄድ በኋላም ያገለግላሉ።

ይህ ጉዳይ የፖለቲካም ጉዳይ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ የአስተዳደር ወጪን ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ወሰነ። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ክፋቱ ሲተገበር ለሥልጠናና ለክትትል ከሚወጣው ገንዘብ ብዙው ከአስተዳደር ወጪ መቆጠሩ ነው። በግ ማደል ሥራ ተባለ፤ በጓን እንዴት እንደሚያረቧት፣ ማኅበሩንም እንዴት እንደሚመሩ ማስተማር ግን ብክነት ሆነ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ያን ሕግ ሽሮ የተሻለ በር ከፍቷል። ይሁንና የታደለውን ኩንታል መቁጠር የሚወደው የቢሮ ልማድ በአዋጅ ብቻ አይሻርም።

እንግዲህ ፕሮጀክት ይዞ ወደ አንኮበር የሚወጣ ሁሉ፣ የውጭም ይሁን የአገር ውስጥ፣ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። የምትሰጠው ነገር ይረባል ወይስ ተበልቶ ያልቃል? ሕዝቡ አስቀድሞ ያለውን መቀናጆና ርቢ ያጠነክራል ወይስ ያፈርሳል? አንተ ስትሄድ ውሳኔው በማን እጅ ይቀራል? የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላል ያገሬ ሰው። ከጎተራው ይልቅ በሬውን፣ ከበሬውም ይልቅ የባለበሬውን ክብርና ውሳኔ ያስቀደመ ልግስና ብቻ ነው ከሰጪው ዕድሜ አልፎ የሚኖረው።