ጫማው የገባ ዕለት

ጠጋ በሉ። ቶናው እስኪፈላ አጎቴን ላማላችሁ ነው። ነውር ነው እንዳትሉኝ፣ ፈቅደውልኛል። «ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ፤ የቀረውን እንደ ልብሽ አውሪው፤ ምናልባት አንድ ሰው ይተርፍበታል» ብለውኛል።

አጎቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። የዛሬን አያድርገውና የአሰብ መንገድ ክፍት በነበረበት ዘመን፣ ኤንትሬ ፊያታቸውን አስነስተው ከደብረ ብርሃን ብርድ ይወጣሉ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈው፣ ያን ቁልቁለት ወርደው፣ ኮምቦልቻ ሻይ ጠጥተው፣ ሚሌ ሲደርሱ ሸሚዛቸውን አውልቀው አሰብ ይገባሉ። ታዲያ ስለዚያ መንገድ ሲያወሩ አንድ የማይቀር ነገር አለቻቸው። «ሹፌር የሚሞተው ዳገት ላይ አይደለም» ይላሉ። «ዳገት ይጮኻል። ሞተሩ ያቃስታል፣ ውሃው ይፈላል፣ ሰው ይጠነቀቃል። ቁልቁለት ግን ዝም ብሎ ነው የሚወስድሽ።»

ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እናላችሁ፣ አጎቴ ጡረታ ወጥተው ደብረ ብርሃን ተቀምጠው ሳለ፣ አንድ ቀን ጉልበታቸውን ሊታዩ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ ጉልበቱን ትታ ክንዳቸው ላይ ጨርቁን ጠመጠመችና ነፋችው። 180 በ110! ሌላ ቀን ተመለሱ፤ ያው ነው። በሦስተኛውም ያው።

«ምንም አላመመኝም እኮ!» አሉ።

«ግፊት አያምም አባባ» አለቻቸው ዶክተሯ። «ሳያም ነው ልብን፣ ኩላሊትን፣ አንጎልን የሚጎዳው። ኪኒኑን ዕድሜ ልክ ይወስዳሉ።»

«ዕድሜ ልክ?» አሉ አጎቴ። «ሰው ሳልገድል?»

እየሳቁ ወጡ። በእጃቸው የያዙት ኪኒን ኤናላፕሪል ይባላል።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ሳል ጀመራቸው። ያውም ምን ዓይነት ሳል! አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፣ ጉሮሮን በላባ እንደመነካካት ያለ፣ በተለይ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ደረቅ ሳል። ባለቤታቸው እትዬ ማር በዝንጅብል አፈሉ፣ ጤና አዳም ጨመሩበት፤ ዳማ ከሴም ሞከሩ። ሳሉ ግን ወይ ፍንክች! ቅዳሴ ላይ አጎቴ ሲስሉ ጎን የቆመው ሰው ቀስ እያለ ፈቀቅ ይላል። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ወንበሩ ይሰፋላቸዋል። «ይሄ ሰውዬ የሳንባ በሽተኛ ሳይሆን አይቀርም» ተባለ። አክታ አምጡ ተባሉ፤ ደረቅ ሳል ምን አክታ አለው? ራጅ ተነሱ፤ ሳንባቸው ንጹሕ ነው። ይሄን ሁሉ ሲመላለሱ ሁለት ወር ሞላ።

አራተኛውን የሳል ሽሮፕ ሊገዙ መድኃኒት ቤት የገቡ ዕለት፣ ከመደርደሪያው ጀርባ የቆመ አንድ ወጣት ብልቃጡን ከማቀበሉ በፊት ጠየቃቸው፤ «አባቴ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቃቸውም።

«የግፊት አለኝ።»

«ኤናላፕሪል ነው?»

«በምን አወቅህ?»

«በሳልዎ!»

ልጁ እንዲህ ሲል አስረዳቸው። ኤናላፕሪል ደም ሥርን የሚያጠብብ ነገር እንዳይመረት አንድ ሠራተኛ ያግዳል። ያ ሠራተኛ ኢንዛይም ይባላል። የሚያጠብበውን ሲያመርት፣ በጎን ደግሞ ብራዲካይኒን የሚባል ነገርን ይጠርጋል። ሠራተኛው ሲታገድ ጠራጊው ቀረ ማለት ነው። ብራዲካይኒኑ አየር መተላለፊያው ላይ ይጠራቀምና ይኮረኩራል፤ ያኔ ሰውዬው ይስላል። ከመቶ ሰው ከ5 እስከ 20 የሚሆነውን ያስለዋል፤ ሴቶችን ደግሞ ይበልጥ።

ልጁ ወሬ ይወዳል መሰለኝ የኪኒኑንም የዘር ሐረግ አወጣላቸው። ብራዚል ውስጥ ጃራራካ የምትባል እባብ አለች፤ የነደፈችው ሰው ግፊቱ ወርዶ ይወድቃል። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ሰርጂዮ ፌሬራ የተባለ ብራዚላዊ ተመራማሪ መርዙን ሲመረምር ያንኑ ብራዲካይኒን የሚያበረታ ነገር አገኘበት። ከዚያ ፍንጭ ተነስተው ሌሎች ሳይንቲስቶች ካፕቶፕሪልን በቤተ ሙከራ ሠሩ፤ በ1981 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኤናላፕሪል የካፕቶፕሪል ታናሽ ነው።

«ታዲያ» አላቸው ልጁ፣ «ራስዎ እንዳያቋርጡት። ዛሬውኑ ዶክተሯ ዘንድ ይመለሱ፤ የማያስል ሌላ አለ። ደግሞ ፊት፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠብዎ ያ ሌላ ነገር ነው፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።»

አጎቴ ከዚህ ሁሉ ምን ይዘው ወጡ? «እባብ» የምትለዋን። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል? ቤት ሲደርሱ ኪኒኑን ከቁምሳጥኑ ራስ ላይ ወረወሩት። «ዶክተሯ ዘንድ ይመለሱ» የሚለውን ግን እዚያው መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ረስተውት ነበር የወጡት።

ሳሉ በሁለት ሳምንት ጠፋ። አጎቴ ተኙ፣ በሉ፣ ቅዳሴ ላይ ሰው መሀል ቆሙ። «ድኛለሁ» አሉ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰና ክንዳቸውን ሰጡ። 185 በ115።

«አባባ፣ መድኃኒቱን በደንብ እየወሰዱ ነው?»

«እንዴታ!»

ለምን ዋሹ? ጠይቄያቸዋለሁ። «ልጅቷ አክብራኝ ነበር» አሉኝ፤ «‹ተውኩት› ብላት የናቅኋት ይመስላል ብዬ ነው።» አያችሁልኝ? በይሉኝታ ነው። ዶክተሯ ምን ታድርግ፣ «ኤናላፕሪሉ ብቻውን አልበቃም» ብላ አሰበች። የነገሯትን አምና ሁለት ጨመረችላቸው፤ አምሎዲፒን 10 ሚሊግራም፣ እና ጧት ጧት የሚዋጥ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፤ በተለምዶ የሽንት ኪኒን የሚባለውን።

ከዚህ በኋላ ያለው የአጎቴ የራሳቸው ሕክምና ነው። የሽንቱን ኪኒን ጧት ሲውጡት አዲስ አበባ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ጉድ ሆኑ። ስንት ዘመን መኪና ያቆሙ ሰው፣ «ልጄ አንዴ አቁምልኝ» እያሉ ሸኖ ሳይደርሱ ሦስቴ ወረዱ። ስለዚህ ወደ ማታ አዛወሩት። ሌሊቱን ሙሉ ሲነሱ ሲተኙ አደሩ። ስለዚህ መንገድ ያለ ቀን ይዘለል፣ ለቅሶ ያለ ቀን ይዘለል ሆነ። አምሎዲፒኑ ደግሞ እግራቸውን አሳበጠው። ጧት ደህና የነበረ ቁርጭምጭሚት ማታ እንደ ሊጥ ይነፋል፤ የካልሲው ጠርዝ ቀለበት አውጥቶበት ይገኛል። የእሑድ ጫማቸው እምቢ አለ፤ ቤተ ክርስቲያን በሸበጥ ሄዱ። እትዬ «ኩላሊቱ ነው» ብለው አለቀሱ። አንዲት ጎረቤት «ለእኔ የተስማማኝ ይሄ ነው» ብላ ከራሷ አቴኖሎል ልታካፍላቸው ብልቃጧን ይዛ መጣች፤ እግዜር ይስጣት፣ እትዬ መለሷት። በዚህ ሁሉ ላይ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ዳይክሎፍናክ እየገዙ ይውጣሉ፤ እሱም ግፊት ከፍ እንደሚያደርግ የነገራቸው የለም።

እና የቀጠሮው ዋዜማ መጣ። ሰነፍ ተማሪ ፈተና ሲደርስ ምን ያደርጋል? ሌሊቱን ያጠናል። አጎቴም የተዘለለውን ሁሉ ሊያካክሱ አምሎዲፒኑን፣ የሽንቱን፣ ከቁምሳጥን ራስ ላይ የወረደውን ኤናላፕሪል ሳይቀር ደራርበው ዋጡ። ሌሊት ስንቴ ለሽንት እንደተነሱ እግዜር ይወቀው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን የቅዳሴ ደወል ሰምተው ከአልጋ ብድግ አሉ። ዓይናቸው ጨለመ። ግንባራቸው የበሩን መቃን መታ።

ስልኩ ለእኔ ነው የተደወለው። እያለቀስኩ ደረስኩ። ጤና ጣቢያ ሲለኩ 90 በ60 ነበር። ግሉኮሱ ተሰካላቸው፤ ግንባራቸው አራት ቦታ ተሰፋ። ነፍስ ሲዘሩ ዶክተሯ «ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ አምጪልኝ» አለችኝ። ቁምሳጥኑን አራግፌ በፌስታል አመጣሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። የተረፈ የኤናላፕሪል ፍሬ፣ ግማሽ የሄደ አምሎዲፒን፣ ዳይክሎፍናክ፣ ሦስት የሳል ብልቃጥ። አንድ በአንድ ቆጠረችው። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ አፈርኩ፤ አጎቴ ግድግዳ ግድግዳ ያያሉ።

በመጨረሻ እሳቸው ናቸው ዝምታውን የሰበሩት። «ልጄ» አሉ፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ የደበቅሁት በሽታዬን አይደለም። መድኃኒቱን መተዌን ነው።»

እሷም አልተቆጣችም። ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ሳሉን ቢነግሩኝ ኖሮ» አለች፣ «ያኔውኑ እቀይርልዎ ነበር፤ እነዚህን ሁለቱን ባልጨመርኩብዎ ነበር።»

ስለ እግራቸው ሲጠይቋት ሹፌር መሆናቸውን ታውቃለችና በመንገድ አስረዳቻቸው። አምሎዲፒን ደም ቅዳውን ያሰፋዋል፤ ወደ እግር የሚወርደው አስፋልት አራት መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል። የመመለሻው ድልድይ፣ ደም መልሱ፣ ግን እንደ ድሮው አንድ መኪና ነው የሚያሳልፈው። ድልድዩ አፍ ላይ ይጨናነቅና ውሃው ከደም ሥሩ አፈትልኮ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቆማል።

«የሽንቱ ኪኒን ለምን አላጎደለውም ታዲያ?»

«ውሃው ተርፎ አይደለማ፤ ቦታ ስቶ ነው።»

ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች። ኤናላፕሪልን ካርዳቸው ላይ በቀይ ጻፈችው፣ ሌላ ሐኪም ዳግም እንዳያዝላቸው። በምትኩ ሎሳርታን ሰጠቻቸው፤ ወደዚያው ከተማ በሌላ በር የሚገባ፣ ብራዲካይኒኑን የማይነካ፣ በዚያ ላይ የመመለሻውንም ድልድይ የሚያሰፋ። አምሎዲፒኑን ከ10 ወደ 5 አወረደችው፤ እብጠቱ ከመጠኑ ጋር ነውና የሚሄደው። የሽንቱን ኪኒን ለጊዜው አቆመችው። ዳይክሎፍናኩን ቀማቻቸው፤ ከግፊት መድኃኒቶቹ ጋር ተደርቦ ኩላሊትንም ይጫናል፣ ለጉልበቱ ፓራሲታሞል ይበቃል አለች። የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ አዘዘች። ሌሊት ሲነሱ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ፣ እግር አንጠልጥሎ ትንሽ ቆይቶ፣ ከዚያ ግድግዳ ይዞ መቆም። «ጾም ሲገባ ደግሞ ሰዓቱን ራስዎ አያዛውሩ» አለች፤ «ይንገሩኝ፣ አብረን እናስተካክላለን።»

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ አጎቴ ዝም ብለው ቆዩ። ኋላ ላይ፣ «ሰማሽ?» አሉኝ። «ተሳስቼ ነበር። እኔ የሚጮኸውን ነው የፈራሁት። ኪኒኑ አሳለኝ፣ አሳበጠኝ፣ ሌሊት አስነሳኝ፤ ጠላቴ መሰለኝ። ለካ እሱ ዳገቱ ነው። ግፊቱ ነው ቁልቁለቱ፣ ምንም ሳይለኝ ሲወስደኝ የነበረው። ሞተር ሲያቃስት ማርሽ ይቀየራል እንጂ ከመኪና ይዘለላል?»

ይኸው ቃሏን መለስኩላችሁ።

ካለፈው ዓመት ወዲህ አጎቴ የዱሮ የጉዞ መዝገባቸውን የመሰለ አንድ ደብተር አላቸው። በእስክሪብቶ አራት አምድ አስምረውበታል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ግፊት፣ አራተኛው ደግሞ «ቅሬታ»። ቀጠሮ ሲኖራቸው ዶክተሯ መጀመሪያ የምታነበው አራተኛውን ነው። ባለፈው ሄጄ ደብተሩን ሰርቄ አየሁት። አንዱ ገጽ ላይ «132 በ84። እሑድ። ጫማው ገባ» ይላል።

እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ከሱ በታች ያለው መስመር ላይ ነው። ያ «እንዴታ!» ብሎ የዋሸ ሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በዚያ ጠማማ ጽሕፈቱ እንዲህ ብሏል፤ «ማክሰኞ ረሳሁ። ሐሙስ ግን ረስቼ አይደለም፤ ሰነፍኩ።»

በሉ፣ ቶናው ፈልቷል።