ሰባትና ሦስት እልልታ

ፎገራ ላይ ምን እንደተወለደ ለማወቅ ደጅ ቆሞ እልልታ መቁጠር ይበቃል። ሰባት ከሆነ ወንድ፣ ሦስት ከሆነ ሴት። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም የወንዱ መብለጡ አይቀርም። በረት ስትገቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ስለሆነች፣ ሴት ጥጃ ተወለደች ብሎ የከፋው የወረታ ገበሬ አላየሁም።

ለመሆኑ ተፈጥሮስ ለማን ታደላለች? ጥያቄውን በቁጥር ከመረመሩት ቀዳሚዎች አንዱ ሐኪሙ ጆን አርበትኖት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1629 እስከ 1710 የተጻፈውን የለንደን የክርስትና መዝገብ ሲያገላብጥ፣ በ82ቱም ዓመታት ወንዶች በልጠው አገኛቸው። ይህ በዕድል የሚሆን አይደለም፣ የፈጣሪ ጥበብ ነው አለ። ዛሬም በዓለም ደረጃ ለ100 ሴቶች 105 ያህል ወንዶች ይወለዳሉ። ወንዶች በጨቅላነታቸው ይበልጥ ስለሚሞቱ ትርፉ እየቀነሰ ይሄዳል።

ግን ለምን ወደ እኩል ተጠጋ? አንድ ኮርማ ለብዙ ላሞች ይበቃል፤ ሆኖም ከሚወለዱት ጥጆች ግማሽ ያህሉ ወንዶች ናቸው። በ1930 ሮናልድ ፊሸር መልሱን አብራራው፦ እያንዳንዱ ልጅ አንድ አባትና አንዲት እናት አለው። ስለዚህ ሴቶች ካነሱ፣ አንዲት ሴት በአማካይ ከአንድ ወንድ የበለጠ ልጅ ይኖራታል። ሴት የመውለድ ዝንባሌ ያላቸው ወላጆች የልጅ ልጅ ይበዛላቸዋል፤ ዝንባሌውም በዘር እየተላለፈ ሚዛኑን ይመልሳል። ወንዶች ካነሱም እንዲሁ።

ይሄ ስለ ሕዝብ ነው። የአንድ ቤት ነገር ደግሞ በ1905 ተፈታ። አሜሪካዊቷ ኔቲ ስቲቨንስ የጥንዚዛ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ ስታይ፣ ጾታን የሚለየው ከአባት የሚመጣው ክሮሞሶም መሆኑን አስተዋለች። በሰውም እንደዚያው ነው፦ እናት ሁልጊዜ ኤክስ ትሰጣለች፤ አባት ኤክስ ከሰጠ ሴት፣ ዋይ ከሰጠ ወንድ።

እንግዲህ አገራችን ላይ «ሴት ብቻ ወለደች» ተብላ ስንቷ ትወቀሳለች? ወንድ እስኪመጣ ተብሎ ስንቷ አምስተኛ፣ ስድስተኛ ታረግዛለች? አባትም ቢሆን መርጦ አይሰጥም፤ ከሦስት ሴቶች በኋላም አራተኛው ወንድ የመሆን ዕድሉ ያው ግማሽ ገደማ ነው። «ወንድ አልወለደችልኝም» ብሎ ሌላ የሚያገባ ሰው ግን ይህን ይወቅ፦ ዕጣውን ይዞ የሚሄደው ራሱ ነው።