ካርቡሬተር (የአነስተኛ ሞተር)፤ ማጽዳቱና መለወጡ

ካርቡሬተር ቤንዚንን ከአየር ጋር በመጠን አዋሕዶ ወደ ሞተሩ የሚሰድድ መሣሪያ ሲሆን፣ ተንሳፋፊ ያለበትን ዓይነት ዳይምለርና ማይባኽ የተባሉት ጀርመናውያን በ1885 እ.ኤ.አ. ከሠሩት ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል በመኪና ላይ ነግሦ፣ ኋላም ስፍራውን ለሌላ ቢለቅም፣ በትንንሽ የጀልባና የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ላይ ሥልጣኑ እስካሁን አልተሻረም።

ጊንጪ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ የአዋሽ ወንዝ ከሚመነጭበት አገር አጠገብ ያለች ከተማ እንደ መሆኗ፣ በአካባቢዋ መሣሪያው የሚገኘው ይልቁንም ገበሬው በበጋ አትክልቱን በሚያጠጣበት መሳቢያ ላይ ነው፤ የጀልባ ሞተር ማየት የሚሻ ግን ከአምቦ በስተ ደቡብ ወዳለው፣ መንገደኛ ወደ ቂርቆስ ደሴት ወደሚሻገርበት ወደ ወንጪ ሐይቅ ይወጣል። የሁለቱም ደዌ አንድ ነው።

የደዌው ምክንያትም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ሳይሆን ሥራ መፍታት ነው። መሳቢያው ቤንዚን እንደ ያዘ ክረምቱን በሙሉ ጥግ ይዞ ሲከርም፣ የቤንዚኑ ቀላል ክፍል ተኖ የቀረው እንደ ሙጫ ይረጋና ረቂቋን የነዳጅ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ (የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል በ2008 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ መቀላቀል እንደ ጀመረ ይታወሳል) እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን ለዝገት ይዳርጋል። ምልክቱ፣ ሞተሩ ቾክ ሲያዝለት ተነሥቶ ቾኩ ሲለቀቅ መጥፋቱ ነው።

ይህን ባለቤቱ ራሱ ሊያጸዳው ይችላል። የነዳጁን መዝጊያ ዘግቶ፣ የሽቦዎቹን አቀማመጥ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ የታችኛውን ጽዋ ሲያወርድ በግርጌው ቡናማ አተላ ወይም ነጭ ዱቄት ካገኘ ምሥጢሩ ተገልጦለታል። ከናስ የተሠራችውን የነዳጅ ቀዳዳ ፈትቶ ወደ ብርሃን ሲያቀናት፣ ንጹሕ ብትሆን ጥርት ያለች ክብ ብርሃን ታሳየዋለች። በብረት ሽቦ መጎርጎር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ናስ ከብረት ይልቅ ለስላሳ ነውና፣ ቀዳዳዋ አንድ ጊዜ ከሰፋች ሞተሩ ከመጠኑ በላይ ሲጠጣ ይኖራል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘች አንዲት የመዳብ ክር፣ ማጽጃ ፈሳሽና ከጎሚስታው የሚገኝ ንፋስ ይበቃሉ። ተንሳፋፊውን በጆሮ አጠገብ ሲያናውጡት በውስጡ የቤንዚን ድምፅ ከተሰማ ግን ተቀዷልና ይለወጣል።

ካርቡሬተሩ በሙሉ የሚለወጠው ስለ ቆሸሸ ሳይሆን ስላለቀ ነው፤ ይኸውም የአየሩ በር ዘንግ በቤቱ ውስጥ ሲወላገድ፣ አካሉ ሲሰነጠቅ፣ ወይም ዝገት የውስጥ መንገዱን ሲበላው ነው። መርፌው ወይም ጓርኒሲዮኑ ብቻ ቢጎዳ እርሱን ብቻ መተካት ይበቃል።

አዲስ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ከፍታ ነው። የገበያው ካርቡሬተር በአብዛኛው ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አየር ተመጥኖ የተሠራ ሲሆን፣ ጊንጪ ግን 2,200 ሜትር ያህል፣ ወንጪ ሐይቅም ወደ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይገኛሉ። በዚያ የሳሳ አየር ቤንዚኑ ስለሚያመዝን ጭሱም ካንዴላውም ይጠቁራል፤ የሞተሩ ኃይል ራሱ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ይህንንም ጉድለት የትኛውም ካርቡሬተር አይመልሰውም። የሚያመዝነውን ቤንዚን ግን ጠበብ ያለች ቀዳዳ ታስተካክለዋለች፤ ስለዚህ አሮጌውን ከመጣልዎ በፊት፣ በናሷ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ያስተያዩ፤ የአሮጌው ቁጥር ካነሰና ልኩ ከገጠመ፣ ያችኑ ቀዳዳ ወደ አዲሱ ያዛውሩ።