ሙጫ የተባሉት ሕዋሳት

የዛሬውን ንግግሬን በአንድ ስም እጀምራለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ በ1856 በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያለውን አካል «ኒውሮግሊያ» አለው፤ የነርቭ ሙጫ ማለት ነው። ሙጫ ያያይዛል እንጂ አይሰማም። በእኔ እምነት ይህ ስም ከመቶ ዓመት በላይ ጥያቄያችንን አሳንሶብናል።

1921ን እንመልከት። በግራትስ ከተማ ኦቶ ሎዊ ወደ እንቁራሪት ልብ የሚሄደውን ቬገስ ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲያነቃው የልቡ ምት ዘገየ። ያንን ልብ የከበበውን ፈሳሽ ወስዶ በሌላ ልብ ላይ ቢያደርገው፣ ነርቩ ያልተነካው ሁለተኛው ልብም ዘገየ። ነርቭ መልእክቱን በኬሚካል እንደሚያስተላልፍ በዚህ ታወቀ።

በዚያው ዓመት በማድሪድ ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በብር ካርቦኔት ማቅለሚያ አማካይነት ጥቂት ቅርንጫፎች ያሏቸውን ትናንሽ ሕዋሳት አሳየ፤ ኦሊጎደንድሮግሊያ ብሎም ሰየማቸው። መምህሩ ራሞን ኢ ካሃል በራሱ ማቅለሚያ ቅርንጫፎቻቸውን ማየት ስላልቻለ ቅርንጫፍ አልባ ናቸው ብሎ ነበር። ኦርቴጋ ከካሃል ቤተ ሙከራ የተባረረው ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ የሳይንስ ታሪክ የሰዎችም ቅያሜ ታሪክ ነውና። በአንጎል ውስጥ ማይሊንን የሚሠሩት እነዚሁ ሕዋሳት ናቸው ብሎ የገመተው ኦርቴጋ፣ በ1945 በስደት ሳለ በቦነስ አይረስ ዐረፈ። ግምቱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የጸናው በ1960ዎቹ ነው።

የግራትሱና የማድሪዱ ግኝት ግን ለረጅም ጊዜ አልተገናኙም። ማይሊን አክሰንን ጠቅልሎ የነርቭን መልእክት ያፈጥናል፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ካለው ፕላስቲክ ጋር ይመሳሰላል። የሽቦ ልባስ ይሰማ እንደሆነ ማን ይጠይቃል?

ጠያቂዎች መጡ። በ1984 ኬተንማንና ባልደረቦቹ በሳሕን ያደጉ ኦሊጎደንድሮሳይቶች ግሉታሜትና ጋባ ሲነካቸው የኤሌክትሪክ ቮልቴጃቸው እንደሚለወጥ አሳዩ። በ1993 ባሬስና ራፍ የአይጥን የዓይን ነርቭ ቴትሮዶቶክሲን በተባለው መርዝ ዝም ሲያሰኙት የኦሊጎደንድሮሳይት እናት ሕዋሳት መባዛት ቀነሰ።

እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ የምመለሰው ወደ 2000 ሥራ ነው። ድዋይት በርግልስና ባልደረቦቹ ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል ከአንዲት እናት ሕዋስ ላይ ቀጭን የመስታወት ኤሌክትሮድ አሳርፈው አክሰኖችን አነቁ። ሕዋሷ በሚሊሰከንዶች የሚቆጠር ፈጣን የኤሌክትሪክ ጅረት መለሰች። አክሰኑ ግሉታሜት የለቀቀላት በሲናፕስ ነበር፤ ሲናፕስ ደግሞ በነርቭ ሕዋሳት መካከል ብቻ አለ ብለን ስናስተምር የኖርነው መጋጠሚያ ነው። በ2007 ሁለት ቡድኖች ይኸው በነጩ የአንጎል ክፍልም፣ የነርቭ ሕዋስ አካል በማይገኝበት ስፍራ፣ እንደሚፈጸም አረጋገጡ።

ይህ መስማት ዋጋ ያስከፍላል። አንጎል ኦክስጅን ሲያጣ ግሉታሜት ከልክ በላይ ይጠራቀማል፤ እናት ሕዋሳቱ ተቀባይ ስላላቸው በካልሲየም ተጥለቅልቀው ይሞታሉ። ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ለሚታየው የነጩ አንጎል ጉዳት፣ በኋላም እጅና እግር ለማዘዝ መቸገር፣ ይህ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን የእንስሳት ሙከራዎች ያመለክታሉ። ተቀባዩን መዝጋት መድኃኒት ይመስላል፤ ነገር ግን ሕዋሳቱ ለማደግ የሚሹትን መልእክት የሚቀበሉትም በዚሁ ተቀባይ ነው።