73 ለ4፦ የበርሊን ፊልሃርሞኒክን ከመሪው ያጣላችው ክላርኔት ተጫዋች

ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነው። የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራም ልደቱን የሚያከብረው በዚሁ ዕለት ነው። ከ1991 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በየዓመቱ በዚያ ቀን አንድ የአውሮፓ ከተማ መርጦ ኮንሰርት ያቀርባል። የሁለቱ በዓላት መገጣጠም አጋጣሚ ነው። ያም ሆኖ ይህ ኦርኬስትራ ራሱ ከአለቃና ከሠራተኛ ጠብ የተወለደ ስለሆነ፣ ቀኑ በደንብ ገጥሞለታል።

በ1882 ቤንያሚን ቢልዜ የተባለ የበርሊን ባንድ መሪ ሙዚቀኞቹን ይዞ ወደ ዋርሶ ሊሄድ አሰበ። ለሙዚቀኞቹ ያዘጋጀላቸው የአራተኛ ማዕረግ የባቡር ጉዞ ነበር። 54ቱ አኩርፈው ወጡና የራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ብዙ ጸሐፊ ስለጻፈው በሩጫ እንለፈው። የመንሸራተቻ ቦታ የነበረ ሕንፃ አዳራሻቸው ሆነ፤ እሱም በ1944 በአየር ድብደባ ነደደ። ሃንስ ፎን ቢውሎ፣ አርቱር ኒኪሽና ቪልሄልም ፉርትቬንግለር ተራ በተራ መሩት። ፉርትቬንግለር በ1954 ሲሞት ቦታው ለሄርበርት ፎን ካራያን ሆነ። በ1963 አዲሱ አዳራሽ ተከፈተ፤ አድማጩ ኦርኬስትራውን ከቦ የሚቀመጥበት፣ ጣራው እንደ ድንኳን የተወጠረ ሕንፃ ነው። ቀልደኞቹ በርሊኖች ወዲያው «የካራያን ሰርከስ» አሉት።

ከዚህ ሁሉ ዘመን ግን እኔን ሁልጊዜ የሚስበኝ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ያለው የሁለትና የሦስት ዓመት ጠብ ነው። መነሻው አንዲት በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ክላርኔት ተጫዋች ነበረች።

ጠቡን ለመረዳት ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን አሠራር ማወቅ ይጠይቃል። አዲስ አባል ወደ በርሊን ፊልሃርሞኒክ የሚገባበት መንገድ ከሰፈር እድር ብዙ አይርቅም፦ ነባሮቹ ሳይስማሙ ማንም አይገባም። ወንበር ክፍት ሲሆን ተፈታኞች ተጠርተው አንድ በአንድ መድረክ ላይ ይቆማሉ። ለክላርኔት ከሆነ የሞዛርት ኮንሰርቶ አይቀርም፤ ከዚያ ከሲምፎኒዎች ውስጥ የተመረጡ፣ ተጫዋቹ ብቻውን የሚጋለጥባቸው ቁርጥራጮች ይከተላሉ። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው የሚያዳምጡት ነገ ጎኑ የሚቀመጡት ሰዎች ናቸው፤ ተፈታኙ ሲወጣ ድምፅ ይሰጣሉ። ፈተናውን ያለፈ ሰው ደግሞ ገና ሙከራ ላይ ነው። የሙከራው ጊዜ ሲያበቃ እንደገና ድምፅ ይሰጥበታል፤ ለመጽናት ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ «ይሁን» ሊሉት ይገባል። ልምምድ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ጎረቤቱን ያዳምጥ አያዳምጥ እንደሆነ፣ በጉብኝት ላይ ሲደክመው ምን እንደሚመስል፣ ሁሉም በዚህ ጊዜ ይታያል።

ገንዘቡም የራሱ መንገድ አለው። ሙዚቀኞቹ ደመወዝ የሚከፈላቸው ከምዕራብ በርሊን መንግሥት ነበር። ለሸክላ ቀረጻና ለፊልም ግን በራሳቸው ሽርክና ይዋዋሉ ነበር። ከካራያን ጋር በየዓመቱ የሚቀዱት ሸክላ፣ በዛልስቡርግና በሉሰርን የሚያቀርቡት ኮንሰርት፣ በቴሌቪዥን የሚሸጠው ፊልም ከደመወዙ ውጭ ያለ ሌላ ኪስ ነበር። በ1980 መጨረሻ ከካራያን ጋር የቀዱት የሪቻርድ ሽትራውስ የአልፕስ ሲምፎኒ የሲዲ ቴክኖሎጂ ከታየባቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ነው። ሲዲ ሊመጣ ነው ማለት የቀዱትን ሁሉ እንደገና መቅዳት፣ እንደገና መሸጥ ማለት ነበር። ይህን ኪስ በእጁ የያዘው ካራያን ነው።

ካራያን በ1908 በዛልስቡርግ የተወለደ፣ ወጣት ሳለ የናዚ ፓርቲ አባል የነበረ፣ ከጦርነቱ በኋላ በአውሮፓ የኮንሰርት አዳራሾች ከእሱ የሚበልጥ ስም የጠፋለት ሰው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ይመራል። አከርካሪው ይታመማል፤ በ1980ዎቹ መድረክ ላይ ሲወጣ ሕመሙ በግልጽ ይታይ ነበር። ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ከበርሊኖቹ ጋር ተስማምቶ ኖሯል፤ እሱ ያዝዛል፣ እነሱ ይጫወታሉ፣ ሁሉም ይበለጽጋል።

ሳቢኔ ማየር በ1959 ክራይልስሃይም በምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ ተወለደች። በሽቱትጋርትና በሃኖቨር ተምራ በባየርን ሬዲዮ ኦርኬስትራ ገባች። በርሊን ውስጥ ከኦርኬስትራው ሶሎ ክላርኔት ተጫዋች ከካርል ላይስተር ጎን የሚቀመጥ ሁለተኛ ሶሎ ክላርኔት ይፈለግ ነበር። በ1981 መጀመሪያ ተፈተነች። ከዚያም በምትክነት እየተጠራች ከኦርኬስትራው ጋር ተጫወተች። ካራያን ሲሰማት ወደዳት፤ የፈለገው ድምፅ ይህ ነው አለ። ሙዚቀኞቹ ግን በ1982 መገባደጃ ላይ «አንቀበላትም» አሉ። ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ቁጥር 73 ለ4 ነው፤ 73 ተቃወሙ፣ 4 ደገፉ።

ካራያን «እምቢ» መባል የለመደ ሰው አልነበረም። በዲሴምበር 1982 ለኦርኬስትራው ደብዳቤ ጻፈ፦ በርሊን ውስጥ ውሉ የሚያስገድደኝን እሠራለሁ፤ ጉብኝቱ፣ የዛልስቡርግና የሉሰርን ፌስቲቫሎች፣ የቴሌቪዥንና የፊልም ቀረጻው ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል የሚል ነበር ይዘቱ። ሌላውን ኪስ ዘጋው ማለት ነው። በጃንዋሪ 1983 የኦርኬስትራው አስተዳዳሪ ፔተር ጊርት የአባላቱን ተቃውሞ አልፎ ለማየር የአንድ ዓመት የሙከራ ውል ፈረመላት። ሙዚቀኞቹ አበዱ። ጋዜጦች፣ ጠበቆችና የከተማው ፖለቲከኞች ገቡበት። አንድ ክፍት ወንበር የምዕራብ በርሊን መንግሥት ጉዳይ ሆነ።

ለምን እምቢ አሉ? እዚህ ላይ ነው ወሬው ሦስት ቦታ የሚከፈለው።

አንደኛው የራሳቸው የሙዚቀኞቹ ነው፦ ድምጿ ከእኛ ጋር አይዋሃድም። ይህን ምክንያት ብዙዎች ሰበብ ነው ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም። ፍሉት፣ ኦቦ፣ ክላርኔትና ባሱን በኦርኬስትራው መሃል ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። አንዱ የጀመረውን ዜማ ሌላው ሳይታወቅ ተቀብሎት ይሄዳል። ክላርኔት ተጫዋች በመሣሪያው አፍ ላይ የሚታሰረውን የሸንበቆ ስንጣሪ በቢላ እየፋቀ የሚያስተካክለው ለዚህ የድምፅ ቀለም ሲል ነው። በበርሊን የላይስተር ጥቁርና ለስላሳ ድምፅ የቤቱ መለያ ሆኗል። ማየር ደግሞ ደማቅና ነጻ የሆነ፣ ብቻዋን መድረክ የሚሞላ ድምፅ ነበራት። በኋላ በዓለም ታዋቂ ሶሎይስት መሆኗ የሙዚቀኞቹን ክርክር ውድቅ አያደርገውም፤ እንዲያውም ይደግፈዋል። ብቻውን የሚያምር ድምፅ ሁሉ ከሌላው ጋር አይስማማም።

ሁለተኛው ወሬ፣ ካራያን ራሱ ያመነው፣ ሴት ስለሆነች ነው የሚለው ነው። ይህን የሚክድ ሰው አይኑን መጨፈን አለበት። ኦርኬስትራው እስከ 1982 ድረስ፣ አንድ መቶ ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ሴት አባል አልነበረውም። በዚያ ዘመን በጀርመን የሙዚቃ ቤቶች ሴትን መቃወም አዲስ ነገር አልነበረም። በ1980 ሙኒክ ውስጥ አቢ ኮናንት የተባለች አሜሪካዊት ትሮምቦን ተጫዋች በመጋረጃ ጀርባ ተፈትና አሸነፈች። የፈተናው ጥሪ «አቶ አቢ ኮናንት» ብሎ ነበር የጠራት። መጋረጃው ሲነሳ የሙኒኩ ኦርኬስትራ መሪ ሰርጂዩ ቼሊቢዳኬ ደነገጠ፤ ቆይቶም ከሶሎ ወንበሯ ዝቅ አደረጋት። ጉልበት እንደማያንሳት ለማሳየት ሳንባዋ ድረስ ተለካ፤ የፍርድ ቤቱ ክርክር እስከ 1993 ቆየ።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ሦስተኛው ወሬ ይበልጥ ይታየኛል። በሙኒክ ሙዚቀኞቹ መረጡ፣ መሪው እምቢ አለ። በበርሊን መሪው መረጠ፣ ሙዚቀኞቹ እምቢ አሉ። በሁለቱም ቤት የተጎዳችው ሴት ናት፤ የጠቡ አቅጣጫ ግን ተቃራኒ ነው። ሦስተኛው ወሬ በርሊን ላይ ጠቡ የበሩ ቁልፍ የማን ነው የሚል ነበር ይላል። ማስረጃው አንድ ስም ነው፦ ማድሌን ካሩዞ። ይህች የስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተጫዋች በዚያው በ1982፣ የማየር ጠብ ከመፈንዳቱ በፊት፣ በዚያው ኦርኬስትራ፣ በዚያው የድምፅ አሰጣጥ ተመርጣ የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆናለች። ማየርን እምቢ ያሉት ሰዎች ካሩዞን በእጃቸው መርጠዋል። በጥቂት ወራት ልዩነት ስለ ሴቶች ያላቸው አስተያየት ተገለበጠ ማለት ያስቸግራል። የተለወጠው ካሩዞን እነሱ መምረጣቸው፣ ማየርን ደግሞ «አለቃው» ማምጣቱ ነው።

የካራያንን ወገንተኝነት ለሚያደንቁ ደግሞ ይህን ልጨምር። በ1984 ካራያን በዛልስቡርግ የጰንጠቆስጤ ፌስቲቫል በበርሊኖቹ ፋንታ የቪየና ፊልሃርሞኒክን አመጣ። የሴትን መብት ሊያስከብር የተቆጣ ሰው የቀጣው በዚያ ዘመን አንዲት ሴት አባል የሌለው ኦርኬስትራ በመጥራት ነበር። ቪየናዎች ሴትን በአባልነት የተቀበሉት በ1997 ነው፤ እሷም በገና ተጫዋቿ አና ሌልከስ፣ ለብዙ ዓመታት አብራቸው እየተጫወተች በአባላት ዝርዝር ያልተጻፈች ነበረች። ይህን ስል ግን 73ቱ ሁሉ ቅዱሳን ነበሩ አልልም። ከእነሱ መካከል ሴት ጎኑ ስትቀመጥ የማይመቸው አልነበረም ማለት የዋህነት ነው። ግን 73 ሰው አንድ ላይ ያሰለፈው ነገር ከዚያ የሰፋ ይመስለኛል፦ ለሃያ ሰባት ዓመት ሲታዘዙ የኖሩ ሰዎች አንድ የቀራቸውን ነገር አንሰጥም ማለታቸው ነው።

የማየር የሙከራ ዓመት በ1983 መኸር ተጀመረ። ላይስተር ሌላውን ወንበር እንደያዘ ነው። ኮንሰርቱ ይቀርባል፣ ልምምዱ ይደረጋል፣ ዜማው ከኦቦ ወደ ክላርኔት፣ ከክላርኔት ወደ ባሱን ይሄዳል። ዘጠኝ ወር ያህል ቆየች። የመጨረሻው ድምፅ ሳይሰጥ በራሷ ፈቃድ ለቀቀች። ጊርትም ብዙ ሳይቆይ ሄደ። ካራያንና ሙዚቀኞቹ እንደገና አብረው ሠሩ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ማየር ከወንድሟና ከባሏ ጋር የመሠረተችው የክላርኔት ትሪዮ ነበራት፤ የኮንሰርትና የቀረጻ ሕይወቷ ለአሥርተ ዓመታት ቀጠለ፤ በሉቤክም ፕሮፌሰር ሆነች።

ካራያን በአፕሪል 1989 ለቀቀ፤ በዚያው ጁላይ ሞተ። ተተኪውን የመረጡት ሙዚቀኞቹ ናቸው፦ ክላውዲዮ አባዶ፣ ከዚያ ሳይመን ራትል። በሜይ 2015 ደግሞ ሌላ መሪ ለመምረጥ ዳሌም በሚባለው የበርሊን ሰፈር አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰበሰቡ። ከጠዋት እስከ ማታ ቆይተው ሳይስማሙ ተበተኑ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና ድምፅ ሰጥተው ኪሪል ፔትሬንኮን መረጡ፤ ሥራ የጀመረው በ2019 ነው። በእሱ ዘመን፣ በ2023፣ ቪኔታ ሳሬይካ ፎልክነር ኮንሰርትማስተር (የመጀመሪያ ቫዮሊኖች መሪ) ተባለች። ከ1882 ወዲህ በዚያ ወንበር የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።