ያለ ምስማር የታሰረ ቤት

በሆሳዕና እሑድ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ደጃፍ ዘንባባ ይታደላል። ልጆች ቅጠሉን ሰንጥቀው ቀለበት ይሠሩበታል፤ ታላላቆቹ መስቀል ያበጁበታል፤ በግንባር የሚታሰርም ይጎነጎናል። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ ሆሳዕና ስሟን ያገኘችው ከዚህ ዕለት ነው። ሥፍራው ቀድሞ ዋቸሞ ይባል ነበር። ራስ አባተ ቧያለው በሆሳዕና ቀን ገብተው ስለ ሰፈሩበት ስሙ እንደ ተለወጠ ይነገራል፤ የጥንቱን ስም ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ይዞታል። ከተማዋ በጣት በሚጎነጎን ነገር በዓል መጠራቷ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የዚህ አገር ሰው ዘንባባው ሳይመጣም ቤቱን፣ አልጋውን፣ ከረጢቱን በጣቱ ሲጎነጉን የኖረ ነውና።

ስለ ሀዲያና ስለ ጎረቤቷ ከምባታ ታሪክ ሲጻፍ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ የገዢዎችና የዘመቻዎች ነገር ነው። ከሀዲያ ገዢ ቤት ወጥታ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት የሆነችው ንግሥት እሌኒ ትነሣለች፤ የሆሳዕና ሆስፒታልም በስሟ ተሰይሟል። እ.ኤ.አ. በ1613 በዐፄ ሱስንዮስ ተልኮ ወደ ማሊንዲ ወደብ መውጫ ሲፈልግ በከምባታ ያለፈው የኢየሱሳውያኑ ቄስ አንቶኒዮ ፈርናንዴዝም ይነሣል። ሐላባ ላይ ታግዶ ወደ መጣበት ተመለሰ። ይህ ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ታሪክ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ገመድ ነው።

ገመዱ የሚጀምረው ከጓሮ ነው። በሀዲያም ሆነ በከምባታ ገጠር ጎጆው ከእንሰቱ መካከል ብቅ ይላል እንጂ እንሰቱ ከጎጆው አጠገብ ተተከለ አይባልም። እንሰት ሙዝ ይመስላል፤ ፍሬው ግን አይበላም። ግንዱ የሚመስለው ነገር እውነተኛ ግንድ አይደለም፤ እርስ በርሱ ተቃቅፎ የቆመ የቅጠል እግር ነው። ከተተከለ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በዚያም መካከል ከመደብ ወደ መደብ እየተዛወረ፣ አበባ ሊያወጣ ሲል ይቆረጣል። መትከሉና ማዛወሩ ባብዛኛው የወንድ ሥራ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ያለው ሁሉ የሴት ነው።

ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጓሮ፣ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር እንሰት ሲፍቁ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሰፊ ጣውላ ዘንበል አድርገው ከቆመ እንሰት ጋር አስደግፈዋል። ከግንዱ የተላጠውን ረጅም ንብርብር በጣውላው ላይ ዘርግተው ላይኛውን ጫፍ በተረከዛቸው ረግጠው ይይዙታል፤ እግራቸው ከወገባቸው በላይ ተሰቅሏል። በሁለት እጃቸው የያዙት መፋቂያ ከቀርከሃ የተሰነጠቀ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲስቡት ውኃው ይንጠባጠባል፤ ነጩ ሥጋ ከሥር በተነጠፈው ኮባ ላይ ይወድቃል። የወደቀው ቆጮ ይሆናል፤ ከተንጠባጠበው ውኃ ውስጥ የሚዘቅጠው ቡላ ነው። ጣውላው ላይ የሚቀረው ደግሞ ቃጫው ነው፤ እንደ ሽበት ነጭ፣ ከክንድ በላይ የረዘመ።

ልጅቱ ተራዋ ደርሶ ስትቀመጥ መፋቂያውን ከበድ አድርጋ ያዘችው። እናቲቱ ወዲያው “አትጫኚው! ክሩን ትበጥሺዋለሽ” አሏት። ከተጫኑት ክሩ ይበጠስና ከቆጮው ጋር ይቀላቀላል፤ ምግቡም ገመዱም አብሮ ይበላሻል። ካላሉት ደግሞ ሥጋው ከክሩ አይላቀቅም። ልኩን የሚያውቀው እጅ ነው። ምግብ ማዘጋጀትና የገመድ ጥሬ ዕቃ ማውጣት እዚህ ጓሮ ውስጥ ሁለት ሥራ አይደሉም፤ በአንድ መፋቂያ፣ በአንድ ስበት የሚፈጸሙ ናቸው። በዓለም ላይ የልብስና የገመድ ክር የሚሰጡ ተክሎች ብዙ ናቸው፤ ቤተሰቡን መግቦ በዚያው ክር የሚሰጥ ግን ስንቱ ነው?

ቃጫው ከደረቀ በኋላ በጣት ይበጠራል። ከዚያ ሁለት ነዶ ክር ተነጥሎ በጭን ላይ እየተንከባለለ እያንዳንዱ ለየብቻ ወደ አንድ ወገን ይከራል። ሲከሩ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ወደ ተቃራኒው ወገን መግመድ ነው። አንዱ ሊፈታ በሚዞርበት አቅጣጫ ሌላው ይጠብቃል፤ ስለዚህ ገመዱን የሚይዘው ቋጠሮ ሳይሆን የሁለቱ ክሮች መገፋፋት ነው። እናቲቱ ይህን ሲሠሩ እጃቸውን አያዩም። ከጎረቤት ጋር እያወጉ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ አንድ ክንድ የሚያህል ገመድ ከእጃቸው ወጥቷል።

ይህ ክር ተራ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የሳይንስ ዕድገት ማኅበር ከአዋሳ የግብርና ምርምር ማዕከልና ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ እንሰት ባሳተመው ጥናት፣ ቃጫው በጥንካሬው ከአባካ ጋር እኩል መሆኑ ተጽፏል። አባካ የመርከብ ገመድ የሚሠራበት፣ ከፊሊፒንስ የሚመጣና በዓለም ገበያ የታወቀ ክር ነው። ያው ጥናት ከቃጫ ከረጢት፣ ምንጣፍ፣ ወንፊትና ገመድ እንደሚሠራ ዘርዝሮ፣ በቤት ሥራ ላይ በምስማር ፋንታ ማሰሪያ እንደሚሆንም ይጠቅሳል።

ይህን የምስማሩን ነገር ሳነብ ያደግሁበት ዓይነት ጎጆ ውስጥ ገብቼ ቀና ያልኩ ያህል ተሰማኝ። የሀዲያና የከምባታ የድሮ ቤት ክብ ነው፤ ትልቅ ነው፤ ከምሰሶው አናት ጀምሮ እየሰፋ የሚወርድ የሣር ክዳን አለው። በአንድ ወገን ከብቶቹ፣ በሌላው ሰው ያድራል። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ጣራውን አጥቁሮታል። ወራጁ ከማገሩ ጋር፣ ማገሩ ከምሰሶው ጋር የተያያዘው በልጥና በቃጫ ነው። ብረት የለበትም። ነፋስ ሲመታው ቤቱ ይላወሳል እንጂ አይሰነጠቅም፤ የላላው ቦታ ተለይቶ እንደገና ይጠብቃል። የጣራው ጭስ ደግሞ ማሰሪያውን ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ዓይን የሚለበልበው ጭስ ቤቱን ሲያቆም መኖሩን ያወቅሁት አድጌ ነው።

የቀረውም የእንሰቱ አካል ሥራ አለው። ኮባው ዳቦ ሲጋገር ይነጠፋል፤ ገበያ የሚወጣ ቅቤ ይጠቀለልበታል፤ ቆጮ የሚቀበርበትን ጉድጓድ ዙሪያውን ይለብሳል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ራስ ላይ ይደፋል። በበጋ ሣር ሲጠፋ ላም ትበላዋለች። የደረቀው ንብርብር ጅባ ሆኖ ይነጠፋል፤ ትራስ ውስጥም ይሞላል። ከዚያ በኋላ የተረፈው ምድጃ ይገባል፤ አመዱ ከላሟ እበት ጋር ወደ እንሰቱ ሥር ይመለሳል። እንሰቱ ያለ እበት አይፋፋም። ላሟ ከሌለች እንሰት የለም፤ እንሰት ከሌለ ገመድም ቆጮም የለም። የቤቱ ቁጠባ በገንዘብ የሚቆጠር ሳይሆን እንዲህ እየዞረ ወደ ራሱ የሚመለስ ነበር።

ሥራው ለብቻ የሚሠራም አልነበረም። በመስቀል ሰሞን ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ሲያከብሩ ለበዓሉ የሚያስፈልገው ቅቤ ከአንዲት ላም አይጠራቀምም። ስለዚህ ሴቶች ዊጆ ይገባሉ፤ በየተራ ቅቤያቸውን ለአንዷ ያዋጣሉ፣ ተራው ሲዞር ለሁሉም ይደርሳል። የሀዲያው አተካና ቡላው በቅቤ የሚረሰርስ ምግብ ስለሆነ ያለ ዊጆ እንዴት ይታሰባል? ከበዓሉ በፊት ቤቱ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ መደቡ ይታደሳል፤ ሰፌዱና መሶቡ በአዲስ ይሰፋል። በጎረቤት ሐላባ የጎጆውን ግድግዳ በቀለም አፈር ማስጌጥ የታወቀ ነው፤ በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ሳያየው አይቀርም። የከምባታዋ ተወላጅ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረቱትን ድርጅት “ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ” ሲሉት የከምባታ ሴቶች በኅብረት መሥራት ማለታቸው ነበር። የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቆም የተነሣ ድርጅት ስሙን የወሰደው ከዚህ የቆየ የመተባበር ልማድ ነው።

እዚህ ላይ ግን ልቤ የሚከብድበት ነገር አለ። እንስራው፣ ማሰሮው፣ ምጣዱ፣ ገንቦው ከየት መጣ? እያንዳንዱ ቤት ራሱ አልሠራውም። ሸክላ ሠሪ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፣ ወንዶቹ እንጨት ይጠርባሉ፣ ቆዳ ይፍቃሉ። ቤት ሲሠራም ምሰሶ ሲቆምም ይጠሩ ነበር። ያለ እነሱ ምድጃ ላይ የሚጣድ አልነበረም። ሆኖም አብሯቸው የሚበላ፣ ከእነሱ የሚጋባ አልነበረም፤ የመሬት ድርሻም አልነበራቸውም። የሚጠሩበት ስም ስድብ ሆኖ ስለ ቀረ እዚህ አልጽፈውም። ይህ የሀዲያና የከምባታ ብቻ ነውር አይደለም፤ በሰሜንም ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ለዚህ ነው። አዋጁ ልማዱን አልሻረውም። በየካቲት 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ በብዙ የደቡብ ቦታዎች የእጅ ባለሙያዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው ማሳ አገኙ። አሉላ ፓንክረስትና ዴና ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ መገለሉ በየብሔረሰቡ ምን መልክ እንደነበረው ከሌሎች አጥኚዎች ጋር ዘርዝረዋል። የንግሥቲቱን ስም እናውቃለን፤ ለአያቶቻችን ማሰሮ የሠራችውን ሴት ስም ግን ጠይቆ የጻፈ የለም። ይህ እንደ ልጅም እንደ ጸሐፊም ያሳፍረኛል።

ከተማው እየሰፋ ሲሄድ የእጁ ሥራ ጥሬ ዕቃውን ለወጠ እንጂ አልቆመም። ባዶ ጣሳ ክዳኑ ተበስቶ፣ የጨርቅ ክር ገብቶበት ኩራዝ ሆነ። ያረጀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ሆነ፤ ጎማውን ያለቀ ያለው ሾፌር ነው፣ ገበሬው ገና ዓመታት ይራመድበታል። የዘይት ጀሪካን ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ መታጠቢያ፣ ግማሹ የእህል መስፈሪያ ሆነ። አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ተሞልቶ ኳስ ሆነ። ከሁሉ የሚገርመኝ የማዳበሪያው ነገር ነው። የአፈር ማዳበሪያ ወደ ገጠሩ ከተዛመተ ወዲህ ስሙ ከዱቄቱ ወደ ከረጢቱ ተሻገረ፤ ዛሬ “ማዳበሪያ አምጣ” ሲባል ማንም ዩሪያ አያመጣም። ሴቶቹ ደግሞ ከረጢቱን ክር በክር ፈትተው ስፌት ላይ አዋሉት። ድሮ ስንደዶውና አክርማው በአለላ ይዋብ ነበር፤ አለላውን ማቅለም ጊዜም ገንዘብም ይወስዳል። የከረጢቱ ክር ግን በነጻ የተገኘ ነው፣ ቀለሙም አይለቅም። አንዳንዶች ይህን የባህል መበላሸት ይሉታል። እኔ አልስማማም። ወስፌው በበሳው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ክር ቢለወጥም ወስፌውን የያዘው እጅ ያው ነው።

እውነተኛ ስጋቴ ሌላ ነው። እንሰት አጠውልግ የሚባል በሽታ አለ፤ ዳኛቸው ይርጉ ከእንግሊዛዊው ብራድበሪ ጋር እ.ኤ.አ. በ1968 መንስኤውን ባክቴሪያ ለይተው ጽፈዋል። በታመመ እንሰት ላይ ያረፈ ቢላዋ ሳይጸዳ ወደ ጤነኛው ከሄደ በሽታውን ይዞ ይሄዳል፤ መከላከያው ቢላዋውን በእሳት መለብለብ፣ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ ነው። ጓሮው ከጠፋ ቃጫው ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ልጅቱ “አትጫኚው” የምትባልበት ጣውላም አብሮ ይሄዳል።

ጊዜውም ተለውጧል። በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ወዲህ ብዙ የሀዲያና የከምባታ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ከዚያ በመጣው ገንዘብ በሆሳዕናም በከምባታዋ ዱራሜም በየገጠሩም የቆርቆሮ ቤት በዝቷል፤ በምስማር የተመታ፣ ሴራሚክ የተነጠፈበት። ለሠሩት ደስ ይበላቸው፤ ልጅ የሞተበት፣ የታሰረበት፣ የተዘረፈበት መንገድ ነው ያመጣው። ከብዙዎቹ ቤቶች ጀርባ ግን የሣር ክዳን ያለው ማድ ቤት አሁንም ቆሟል። እናትየው ምድጃዋን ወደ ሴራሚኩ አላዛወረችም። ግድግዳው ላይ የቃጫ ነዶ ተንጠልጥሏል።

ባለፈው ከሆሳዕና መናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ከፊቴ አንዲት እናት ዕቃ ሲያስጭኑ ነበር። አዲስ አበባ ላለች ልጃቸው ነው። ከውስጥ ቆጮና ቅቤ፣ በእሳት በለሰለሰ ኮባ ተጠቅልሎ፤ ከላዩ የማዳበሪያ ከረጢት፤ የከረጢቱ አፍ በቃጫ ገመድ ዙሪያውን ታስሯል። የአውቶቡሱ ረዳት ከጣራው ላይ ሆኖ ጥቅሉን ተቀበለ። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ጎተት ጎተት አድርጎ ሞከረው፤ ሌላውን ሻንጣ ሁሉ የሚያስርበትን የናይለን ገመድ ሊጨምርበት አነሣና ተወው።