ያልተጻፈው ስንጥቅ የማን ነው?

ተከራይ ዕቃውን ከማስገባቱ በፊት ከአከራዩ ጋር ቤቱን ዞሮ እያየ የግድግዳውን፣ የወለሉንና የቧንቧውን ሁኔታ በጽሑፍ ማስፈር ለባለቤቱ ጥቅም የመጣ ልማድ ይመስላል። የፈረንሳይ ሕግ ታሪክ ግን የሚያሳየው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዮች «ኤታ ዴ ልዩ» ለሚሉት ለዚህ ሰነድ ሁለት አጫጭር አንቀጾች ሰጥቶታል። በአንቀጽ 1730 መሠረት ሰነዱ ካለ ተከራዩ ቤቱን እዚያ በሰፈረው ሁኔታ ይመልሳል፤ በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ለተበላሸው አይጠየቅም። ሰነዱ ከሌለ ደግሞ በአንቀጽ 1731 በተከራይ ላይ የሚወድቁት ጥገናዎች ሁሉ የተሟሉለትን ቤት እንደተረከበ ይገመታል፤ አይደለም ካለ ማስረጃውን ራሱ ያምጣ። ያልተጻፈው ስንጥቅ ሁሉ ወደ ተከራዩ ዞረ ማለት ነው። ወረቀቱ ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ለእሱ ነበር።

ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ተከራዩ ስለሆነ ግምቱ ተገቢ ነው የሚል ሙግት ይነሣል። ክብደት ያለው ሙግት ነው፤ ባለቤቱ በሌለበት የተሰበረውን መስታወት ማን እንደሰበረው ከየት ያውቃል? በርክክቡ ቀን ግን ቤቱን የሚያውቀው አከራዩ ነው። በጁላይ ሙቀት ቁልፍ የተቀበለ ተከራይ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ማሞቂያ ቢዳስሰው ቀዝቃዛ ነው፤ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ብርዱ ሲገባ ነው። የ1989 የኪራይ ሕግ ይህን አስተውሎ በማሞቂያው ወቅት የመጀመሪያ ወር የማሞቂያው ሁኔታ በሰነዱ ላይ እንዲታከል የመጠየቅ መብት ሰጠው። ሰነዱ እንዳይዘጋጅ ያደናቀፈ አከራይም አንቀጽ 1731ን መከታ እንዳያደርግ ከለከለ። በእኔ አስተያየት በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ከተደረጉት ማሻሻያዎች ትልቁ ይህ ነው፤ ዝም በማሰኘት ማትረፍን ያስቀረ ነውና። በ2014 ደግሞ ያመለጠውን ጉድለት ለማስጨመር ተከራዩ 10 ቀን አገኘ።

እንግሊዝ ከናካቴው በሌላ መንገድ ሄደች። ከኤፕሪል 2007 ወዲህ የአብዛኛው የግል ተከራይ ማስያዣ በተፈቀደ የጥበቃ ሥርዓት ሥር ይውላል። ክርክር ሲነሣ ገንዘቡ የተከራዩ እንደሆነ ይወሰዳል፤ ልቀንስ የሚለው አከራይ ጉዳቱን ማስረዳት አለበት። ስለዚህ እዚያ የመግቢያውን ሰነድ አጥብቆ የሚፈልገው አከራዩ ሆነ።

ወረቀት ጠብ አያስቀርም የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ «ሳሎኑ ደህና ነው» ብሎ የሚያልፍ ወረቀት ምንም አያስቀርም። «ከግራው መስኮት በታች ስንዝር የምታህል ስንጥቅ» የሚል መስመር ግን ከዓመታት በኋላም ቦታው ድረስ ሄዶ በስንዝር ሊለካ ይችላል።